ስለት

ዙበይዳ አክስቴ፣ በክረምቱ መግቢያ፣
ጦሳ ጉሙን ለብሶ ሲወርድ ወደ ገበያ፣
ካልጋዋ ሥር ጎትታ የብስኩት ቆርቆሮ፣
«እንካ» አለች፣ «ይኸው፣ ያያትህ ኑሮ።»

ዘይት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልለው ሁለት፣
አንዱ ባለ ቀንድ እጀታ፣ አንዱ ባለ አጥንት።
ባለ ቀንዱ አርጅቷል፣ ሆዱ ጎድጉዶ አልቋል፣
ያርባ ዓመት ጢም በልቶ ከስቶ ይታያል።
ባለ አጥንቱ አዲስ ነው፣ አልወጣም ከወረቀቱ፤
ማን ገዝቶት እንደሆነ፣ ለማን እንደሆን ስለቱ።

አያቴ እንድሪስ ሸዋ በር ላይ ነበር፤
አንዲት ዱካ፣ ስንጥቅ መስታወት፣ ከግንድ ታስሮ ቀበቶ የሚወጠር።
ባላገር ይመጣል፣ ከተሜ ይመጣል፣ ቄሱና ሼሁ ብቻ ሲቀሩ፤
እነሱማ ጢማቸውን ይዘው ነው፣ ከሩቅ የሚሻገሩ።
የሁዳዴን ጾመኛ፣ የረመዳንን ጾመኛ፣
ባንድ አረፋ ላጨ፣ ላረፋም ለፋሲካም ሳይተኛ።

አባቴን ግን ሲስል ነው የማስታውሰው።
ሌሊት ሲስል፣ ጠዋት ሲስል፤
ምላጭ መስሎኝ ነበር በልጅነቴ፣
ለካ ደረቱን ነው የሚሞርደው።
ጢሙን በላስቲክ መላጫ ይጠርጋል፣ በሦስተኛው ቀን ይጥላል፤
ይህን ቆርቆሮ ሲከፍት ያየ የለም።
ለምን? አልነገረንም፤
እኛም አልጠየቅንም።

እሑድ ውሃ አሙቄ፣ ፎጣ ካንገቴ አስሬ፣
ሳሙና በብሩሽ መትቼ፣ ጉንጬን ባረፋ ቀብሬ፣
ባለ ቀንዱን ዘረጋሁ፣ በቀኝ እጄ ያዝኩ፣
«ቢስሚላህ» አልኩና «በስመ አብ»ንም ጨመርኩ፤
የናቴም ወገን እንዳይከፋ፣
ለቆዳዬም አማላጅ እንዳይጠፋ።

መጀመሪያ ጎተተ። ቀጥሎ ዘለለ።
ሦስተኛው ላይ ከጉሮሮዬ አጠገብ ቀይ መስመር ሳለ።
ዙበይዳ በበሩ ሽንቁር አይታ ሳቀች፣ እስኪያማት ጎኗ፤
«ሰንጋ ነው እንዴ የምታርደው? አብሽር፣ ሻብ አለ ከጓዳ»
አለች፣ እንባዋን ጠርጋ በሻሿ።
ሻቡን አርጥቤ ቁስሌ ላይ ባሳርፈው፣
ያያቴ ስድብ ነበር፣ የለበለበኝ ሰው።

በማግስቱ ጋሽ አበጋዝ ዘንድ፤ ያያቴ ተማሪ፣
ከልጁ ፀጉር ቤት ጀርባ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ባይኑ ሞራ ያለ፣ በጆሮው ተመሪ።
ምላጩን በጥፍሩ መታ፣ እንደ ሰዓት ሠሪ አደመጠው፤
ድንጋይ በምራቁ አርጥቦ ወዲህ ወዲያ አመላለሰው።
«ቀበቶ ላይ ጀርባው ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል፤
የቸኮለ ቀበቶ ይቆርጣል እንጂ አይስል።
ቆዳህን ወጥር እንጂ እጅህን አትወጥር።
ምላጩንም አታቁመው፣ አታስተኛው፤
አዘንብለው፣
እንደሚያዳምጥ ሰው።»

ከዚያ ዝም አለ። ገለበጠው፣ ዳሰሰው፣ ደግሞ ገለበጠው።
«ባንድ ጎኑ ብቻ ነው» አለ፣ «ይሄ ስለት ያለቀው።
አያትህ ግራኝ ነበር፣ አልነገሩህም?
ደንበኛው እንዳይሰጋ በቀኙ ይቀባል፣ በቀኙ ያብሳል፤
ሲላጭ ግን ወደ ግራው ያሻግራል።
ምላጭ እጁን ያውቃል።»

ዓርብ ለት በግራዬ ያዝኩት።
ያ እጄ፣ ማንኪያ ሲያነሣ የተመታ፣ እርሳስ ሲይዝ የታሰረ፣
አባቴ «በቀኝህ!» እያለው ሠላሳ ዓመት ኪስ ውስጥ የኖረ፣
ወጣ፤ ጉንጬ ላይ አረፈ፤ ማንም ሳያሳየው አወቀ፤
ከጆሮዬ እስከ አገጬ ጢሙ፣ እንደ ደረቅ ሣር እየተንሿሿ ወደቀ።

«ባለ አጥንቱስ?» አልኳት ዙበይዳን፣ ፊቴን እያበስኩ።
ቆርቆሮውን ከደነች።
«እሱማ ያባትህ ስለት ነው፤ አንተ ስትወለድ...»
አላት፣ ሌላ ቃል አልወጣትም፤
የምላጭ ይሁን የልመና፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ውሃውን ወደ ቦዩ ደፋሁት፣ ከነጢሙ ከነሳሙናው።
ስመለስ በጇ ጀርባ ዳሰሰችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ከላይ እስከ ታች፤
ማሻአላህ ልትል ነው ስል፣
ከመንጋጋዬ ሥር ቁንጥር ጢም ይዛ፣
«ይቺን ረሳሃት» አለች።